ጳጉሜ አምስት ወይስ ስድስት? ፈንክሽን እንዴት ይሠራል

ጳጉሜ በየትኛው ዓመት ስድስት እንደምትሆን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ቀን መቁጠሪያ አይገልጥም። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍላል፤ ቀሪው 3 ከሆነ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም 6 ትሆናለች። አለዚያ 5 ናት። 2015ን ለ4 ስናካፍል 3 ይተርፋል፤ እውነትም በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ነበረች።

በፕሮግራሚንግ ፈንክሽን የሚባለው ይኸው ነው፤ የሰጡትን ይቀበላል፣ ያሰላል፣ መልሱን ያስረክባል። በፓይተን ሦስት መስመር ይበቃዋል፦

ዴፍ ጳጉሜ(ዓመት):
    ኢፍ ዓመት % 4 == 3: ሪተርን 6
    ሪተርን 5

ዴፍ፣ ኢፍና ሪተርን ኮምፒውተር ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «ጳጉሜ» እና «ዓመት» ግን እኛ ያወጣናቸው ስሞች ስለሆኑ ፓይተን 3 በራሳችን ፊደል እንዳሉ ይቀበላቸዋል። የፐርሰንት ምልክቷ «አካፍለህ ቀሪውን ስጠኝ» ማለት ናት። መስመሮቹ ወደ ውስጥ ገባ ያሉትም ለጌጥ አይደለም፤ ፓይተን የፈንክሽኑን አካል የሚለየው በዚያ ነው።

ይህን ብቻ ጽፈን ብናስኬደው ምንም አይታይም፤ ደንቡን ነገርነው እንጂ ገና አልጠራነውም። ሥራ የሚጀምረው ጳጉሜ(2015) ስንል ነው።

ጀማሪ በብዛት የሚሰናከለው ሪተርን ላይ ነው። መልሱን በዓይኑ ማየት ስለሚፈልግ በሁለቱም ሪተርኖች ቦታ ፕሪንት፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ይጽፋል። ያኔ ለ2015 ስክሪኑ ላይ 6 ይወጣል፣ ከሥሩ ደግሞ 5 ይከተላል! ሪተርን መልሱን አስረክቦ ፈንክሽኑን እዚያው ይዘጋዋል፤ ፕሪንት ግን አሳይቶ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው መልሱን ለሌላ ሥራ ስንፈልገው ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት 360 ቀን ናቸውና የዓመቱን ቀን ለማወቅ 360 + ጳጉሜ(2015) እንላለን። በሪተርን ከተጻፈ 366 እናገኛለን። በፕሪንት ከተጻፈ ስሕተት ይመጣል፤ ለመደመሪያው የተረከበው ቁጥር የለምና። ስኳር ግዛ ብለን የላክነው ልጅ ከደጅ ሆኖ «አለ!» ብሎ ቢጮህ ሻዩ አይጣፍጥም። ስኳሩ እጃችን መግባት አለበት።

ዛሬውኑ ጻፉትና በ2016 እና በ2019 ሞክሩት። ለመጀመሪያው 5፣ ለሁለተኛው 6 ካልመለሰ ሪተርኑን ተመልከቱ።