ከአፍ የሚወሰድ ቅንጣት ሥጋ የሚገልጠው የውስጥ በሽታ

በአዘናና በሌሎች የአዊ ደጋማ ቀበሌዎች የአርሶ አደር እግር ሲያብጥ ቀድሞ የሚታሰበው ዝሆኔ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም እግሮች ሲጫኗቸው የሚሰረጉዱ፣ ፊት በየጠዋቱ የሚያብጥና ሽንት አረፋ የሚያበዛ ከሆነ የችግሩ ምንጭ ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ኩላሊትን ከሚጎዱ ሕመሞች መካከል ስሙ እምብዛም የማይነሳው አሚሎይዶሲስ አንዱ ነው።

አሚሎይዶሲስ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን እንደ ቀጫጭን ክር ሆኖ በኩላሊት፣ በልብ፣ በጉበት፣ በነርቭ ወይም በምላስ ውስጥ የሚከማችበት በሽታ ነው። ክምችቱ እየበዛ ሲሄድ የተጎዳው የአካል ክፍል ቀስ በቀስ ሥራውን ያጣል።

የበሽታው ዓይነት ብዙ ነው። አንደኛው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ካሉ ሕዋሳት መዛባት ይመጣል። ሌላው እንደ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌና የመገጣጠሚያ ብግነት ያሉ ሕመሞች ለዓመታት ሳይታከሙ ሲቆዩ የሚከተል ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መጨረስ ከዚህም አደጋ ይጠብቃል።

አንዳንድ ጊዜ ምልክቱ በአፍ ላይ ይታያል። ምላስ ይገዝፋል፣ ይጠጥራል፣ በጠርዙም ላይ የጥርስ አሻራ ይቀራል። ሆኖም ምልክት ብቻውን አያረጋግጥም፤ ናሙና ተወስዶ መመርመር ይኖርበታል።

ከኩላሊት ወይም ከልብ ናሙና መውሰድ የደም መፍሰስ ስጋት ስላለው ሐኪሞች ቀለል ያሉ ቦታዎችን ያስቀድማሉ። እነዚህም ከሆድ ቆዳ ሥር ያለ ስብ፣ ድድ፣ እንዲሁም በታችኛው ከንፈር ውስጠኛ ክፍል የሚገኙ ጥቃቅን የምራቅ ዕጢዎች ናቸው። ቦታው በመርፌ ደንዝዞ ቅንጣት ሥጋ ይወሰዳል፤ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ናሙናው በፎርማሊን ተጠብቆ ወደ ፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ ይላካል። በመሆኑም ከገጠር የመጣ ታካሚ ለምርመራው ብቻ ረጅም መንገድ ላይጓዝ ይችላል። በቤተ ሙከራው ቀጭን ሆኖ የተቆረጠው ሥጋ ኮንጎ ቀይ በተባለ ቀለም ይነከራል። አሚሎይድ ካለበት በልዩ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ፖም አረንጓዴ ያበራል። ቀለሙ ለዚህ ምርመራ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1922 ነበር።

ከአፍ በተወሰደው ናሙና አሚሎይድ አለመገኘቱ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም። ጥርጣሬው ከጸና ናሙና ከተጎዳው አካል ይወሰዳል። ከተገኘም ዓይነቱ መለየት አለበት፤ ለአንዱ ዓይነት የሚሰጠው መድኃኒት ለሌላው አይሆንምና።

የምርመራው መነሻ ግን ቀላል ነው። እግሩ ያበጠና ሽንቱ አረፋ የሚያበዛ ሰው በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ቢያደርግ፣ ኩላሊቱ ሳይደክም የበሽታውን ምንጭ ማወቅ የሚቻልበት ዕድል ይሰፋል።