ተከሳሹ ገንዘብ ሲሆን

ሰውየው ሳይከሰስ ገንዘቡ ይከሰሳል እንዴ? በአሜሪካ አዎን! በፍትሐ ብሔር የመውረስ ሕግ ፖሊስ ከወንጀል የመጣ ነው ብሎ የጠረጠረውን ጥሬ ገንዘብ፣ መኪናም ሆነ ጌጣጌጥ ይይዛል፤ ክሱም የሚቀርበው በንብረቱ ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በነብራስካ መንገድ ላይ ከአንድ ሾፌር 124,700 ዶላር ተያዘ። ዕፅ አልተገኘበትም። ከሌሎች ጋር አዋጥቶ የማቀዝቀዣ ካሚዮን ሊገዛ እንደነበር ቢያስረዳም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለመንግሥት ፈረደ።

ከ1984ቱ ሕግ ወዲህ ከሚወረሰው ላይ ፖሊስም ድርሻ ያገኛል። ታዲያ እጁ እንዴት ይሰብሰብ? ኒው ሜክሲኮ ግን በ2015 ያለ ወንጀል ፍርድ መውረስን ከለከለች።

እኛም ዕቁብ ሲደርሰን ብር ይዘን የምንጓዝ ሰዎች ነን። ነገ ክፍል ስንገባ፣ ጥርጣሬ ማስረጃ አለመሆኑን አስረግጠን እናስተምር!