የልጅ ክንድ በቀን ስንት ጊዜ ይወርውር?

በመስከረምና በጥቅምት ወር ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ተጉዘው እንደሆነ፣ ጎብዬንና ሮቢትን አልፈው ቆቦ እስኪደርሱ ግራና ቀኙን የማሽላ ማሳ ተመልክተው ይሆናል። በየማሳው መካከል ከእንጨት ተሠርቶ ከፍ ብሎ የሚታየው መቆሚያ ማማ ይባላል። ማሽላው አሽቶ ወተት መቋጠር ሲጀምር ግሪሳ ወፍ በመንጋ ስለሚወርድበት ማማው ላይ ጠባቂ መዋል አለበት። ጠባቂውም ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ወንጭፍ።

ወንጭፍ ለተመልካች ቀላል ነገር ይመስላል። ልጁ የገመዱን አንዱን ጫፍ በጣቱ አጥልቆ ሌላውን ይጨብጣል፤ ጠጠሩን ወይም የጭቃ ድብልብሉን በማቀፊያው ላይ አስቀምጦ ከራሱ በላይ ያሽከረክርና አንዱን ጫፍ ይለቀዋል። ጫናው የሚያርፈው ትከሻና ክርን ላይ ነው። ወፉ ደግሞ ገና ሲነጋ ይመጣል፤ ሲያባርሩት ይሄዳል፤ ተመልሶ ይመጣል። ልጁ እስኪመሽ ስንት ጊዜ እንደወረወረ የሚቆጥርለት የለም።

እስቲ ይህን ከሌላ አገር ልማድ ጋር እናስተያየው። በ1880 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሺካጎ ከተማ የተጀመረ ሶፍትቦል የሚባል የኳስ ጨዋታ አለ። ዛሬ በይበልጥ የሚጫወቱት ልጃገረዶች ናቸው። ፋጡማ ሮባ ማራቶን ባሸነፈችበት በ1988ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክም ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተወዳድረውበታል። በእኛ ትምህርት ቤቶች የተለመደ አይደለም። እዚህ ያነሣነው ስለ አወራወሩ ደንብ ስንል ነው።

ወርዋሪዋ ልጅ እንዳሻት አትወረውርም። በመጀመሪያ እግሮቿን መሬት ላይ በተተከለ ሰሌዳ አሳርፋ፣ ኳሱን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ጸጥ ብላ መቆም አለባት። ከዚያ ክንዷን እንደ ወፍጮ መዘውር አዙራ ኳሱን የምትለቀው ከታች ነው፤ እጇ ከዳሌዋ በታች ሆኖ፣ አንጓዋም ከክርኗ ይልቅ ከሰውነቷ ሳይርቅ። ወደ ፊት የምትራመደው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ዘልላ ሌላ ቦታ እግሯን ተክላ እንደገና ብትነሣ ስሕተት ነው። ደንቡን ብትጥስ ውርወራው ለመቺዋ ጥቅም ይቆጠራል። ሕጉ የወጣው በይበልጥ መቺዋ እንዳትታለል ነው፤ ሰውነትንም በሥርዓት ማንቀሳቀስ ያስተምራል።

ከታች መወርወር ትከሻን አይጎዳም የሚሉ አሉ። የአሜሪካ ሐኪሞች ለክተው እንዳረጋገጡት ግን ጫናው ከላይ ከመወርወር ብዙም አያንስም። ለዚህ ነው መቁጠር ያስፈለገው። የሶፍትቦል እኅት በሆነው በቤዝቦል፣ ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ድርጅት የ11 ወይም የ12 ዓመት ወርዋሪ በአንድ ቀን ከ85 ውርወራ እንዳያልፍ ደንግጓል። 66 ወይም ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅም አራት ቀን እንዲያርፍ ይገደዳል። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ የሚያድግበት የጫፉ ክፍል ገና ለስላሳ ነውና፣ ያለ ዕረፍት ሲጎተት ይታመማል።

እንግዲህ ያስቡት! ለጨዋታ የሚወረውር ልጅ ሲቆጠርለት፣ የቤተሰቡን እህል የሚጠብቀው አይቆጠርለትም። በዚያ ላይ መስከረም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወር ነው።

ወፉ ይጠበቅ፤ እህሉ የዓመት ቀለብ ነውና። ነገር ግን በገጠር ዘመድ ያለዎት፣ ወይም በቆቦ ከተማ ተቀምጠው በዳር ማሳ ያላችሁ እናቶች፣ አንድ ልጅ ብቻ ከጧት እስከ ማታ እንዳይውል ተራ አስይዙ። ትልቅ ሰው ጧት ቢይዝ ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ ከቀትር በኋላ ሊተካው ይችላል። ወፍ በጠጠር ብቻ አይባረርም፤ ጣሳና ቆርቆሮ ማንኳኳት፣ በየማሳው ጥግ ጨርቅ ማንጠልጠል፣ መጮህም ይረዳል። ታናናሾች ከወንጭፈኛው ኋላም ጎንም አይቁሙ፤ ጠጠር ከማቀፊያው ሾልኮ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅምና።

ልጁ ማታ ሲገባ «ደከመህ ወይ?» ብቻ አይበሉት። እጁን ከራሱ በላይ እንዲያነሣ ይጠይቁት። ፊቱን ካጨማደደ፣ ወይም ሸሚዙን ለማውለቅ ሌላውን እጁን ከተጠቀመ፣ ነገ ማማው ላይ ሌላ ሰው ይውጣ። ሕመሙ ከጥቂት ቀን ዕረፍት በኋላ ካልተወው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።