ሁለት ጌቶች ባለመስማማታቸው የተረፈ መንደር

በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃምሻየር አውራጃ፣ ላክስተን የሚባል ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩበት መንደር አለ። የእንግዳ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ኖርማኖች ምሽግ ሊያቆሙበት በከመሩት የአፈር ጉብታ ላይ ነው። ቀጥሎ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ በውስጡ የሸርዉድ ደን ጠባቂዎች የነበሩት የኤቨሪንግሃም ቤተሰብ መቃብሮች አሉ። ግን እንግሊዝ አገር ጉብታና አሮጌ ቤተ ክርስቲያን መች ቸገረው! የላክስተን ዋና ቅርስ መንገደኛ ልብ ሳይለው የሚያልፈው ነገር ነው፦ አጥር የሌለው እርሻ።

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ገበሬ ሰፊው ክፍል እንዲህ ነበር የሚያርሰው። የመንደሩ መሬት በትላልቅ ማሳዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ገበሬ በየማሳው ረዣዥምና ጠባብ ቁራሽ ይይዛል፤ ስለዚህ ለሙም ጭንጫውም ለሁሉም ይዳረሳል። ላክስተን ውስጥ ዛሬም ሦስት ማሳዎች አሉ፦ ምዕራብ ማሳ፣ ወፍጮ ማሳና ደቡብ ማሳ። አንዱ ስንዴ ሲዘራበት ሌላው የበልግ እህል ይይዛል፣ ሦስተኛው ያርፋል፤ በዓመቱ ተራው ይዞራል። አጥር በሌለበት አገር ድንበር መግፋት አይቀርምና መንደሩ የራሱ ችሎት አለው። በየዓመቱ በኅዳር መጨረሻ ከገበሬዎቹ የተመረጡ ዳኞች ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ይዞራሉ፣ በወሰኑ ላይ ችካል ይተክላሉ፤ ከመንገዱ ወይም የሁሉም የጋራ ከሆነው ሣር ቆርሶ ያረሰ ሰው ስሙ ይያዛል። ከሳምንት በኋላ ችሎቱ በመንደሩ መጠጥ ቤት ተሰይሞ መቀጮ ይጥላል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ኀፍረቱ ግን በጎረቤት ፊት ነው።

ታዲያ ይህ እንዴት ተረፈ? ከ1604 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ እንዲህ ያሉ ማሳዎችን በአጥር ለየግል የሚያስከፋፍሉ ከ5,200 በላይ የአጥር ሕጎች አውጥቶ ወደ 6.8 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት አስከልሏል። የላክስተን ገበሬዎች ወጋቸውን ስለወደዱ ነው የሚል መልስ ለጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን አጥር የሚወስነው ገበሬው ሳይሆን ባለመሬቱ ነበር፤ ወጉን የሚወድ መንደር በሌላም ቦታ ሞልቶ ነበር፣ አልዳነም። ላክስተንን የለየው መሬቱ በሁለት ታላላቅ ጌቶች፣ በኧርል ማንቨርስና በኧርል ስካርብሮ፣ መካከል የተከፈለ መሆኑና እነሱም መሬቱን ለማጠር አለመስማማታቸው ነው። ያዳነው ጠብ ነው ማለት ይቻላል።

አንዳንዱ ደግሞ ይህ ሁሉ ለጎብኚ የሚታይ ትርኢት ነው ሊል ይችላል። ትችቱ ጥቂት እውነት አለው። ማርክ ፒርስ በ1635 የሠራው፣ ዛሬ በኦክስፎርድ የሚገኘው ካርታ ሲታይ የቁራሾቹ ብዛት ከዛሬው ጋር አይወዳደርም፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማንቨርስ ብዙዎቹን አዋህዷቸዋል። በ1952 መሬቱን የገዛውም መንግሥት ነው፤ ያለዚያ እርሻው ዛሬ መኖሩ ያጠራጥራል። ሆኖም ቁራሾቹን የሚያርሱት ኑሯቸውን ከዚያ የሚያወጡ ተከራይ ገበሬዎች ናቸው፤ በትራክተር ያርሳሉ፣ እህላቸውን ለገበያ ያወጣሉ። ፓርላማው በ1977 የመሰሎቹን አሮጌ ችሎቶች ሥልጣን ሲያነሣ የላክስተንን ሥልጣን አልነካም፤ ለትርኢት ብቻ ቢሆን ሥልጣኑን ማቆየት ባላስፈለገ። በ2020 ደግሞ መሬቱ በሽያጭ ወደ ቶርስቢ ርስት፣ ማለትም ወደ ቀድሞው የማንቨርስ ቤት፣ ተመልሷል። ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ቤተ ክርስቲያኑንና ጉብታውን ለኋላ ያቆይና በቅድሚያ ማሳዎቹን ይዙር።