ገበያው ነቅቷል ወይስ ዋጋው ብቻ ነው የጨመረው?

የዕለቱ የዋጋ ዝርዝር እንደተለመደው ማታ ይወጣል። አሁን ግን ከዝርዝሩ ወጣ ብለን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ሰሞኑን ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም የሚደውል ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ «ገበያው ነቃ ይባላል፣ እውነት ነው እንዴ? ገዝቼ ላስቀምጥ ወይስ የያዝኩትን ልልቀቅ?»

ቀላል ጥያቄ አይደለም። በብድር እየገዛ መጋዘን የሚሞላ ነጋዴ መልሱን ከሳተ የሚሄድበት ያስያዘው ቤት ነው። ማዳበሪያ በዱቤ የሚያከፋፍል ዩኒየን ከሳተ ዕዳው ለዓመታት ይንከባለላል። አርሶ አደሩ ከሳተ ደግሞ በሬው ይሄዳል።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ዋጋ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ገበያ መዳኑ የሚታወቀው መጠበቅ የሚችል ሰው ሲበዛ ነው። ለመሸጥ የማይቸኩል ገበሬ፣ ዱቤ ለመስጠት የማይፈራ ነጋዴ፣ የመልስ ጭነት የሚያገኝ ሹፌር። እነዚህን ካየን ነቅቷል እንላለን።

▪️ በ1994 እና በ1995 የሆነው

ያኔ እኛ ልጆች ነበርን፣ ታላላቆቻችን ግን አይረሱትም። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የጀመረውና መንግሥት በኋላ ያስፋፋው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ እያደረሰ የበቆሎን ምርት ከፍ አድርጎት ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ዝናቡም ጥሩ ሆነ። በቆሎው በዛ፣ ገዢው ግን አልበዛም። መጋዘን የለም፣ ለነጋዴው ብድር የለም፣ የሩቅ ገበያ ዋጋ የሚሰማበት መንገድ የለም። 1994 አጋማሽ ላይ የበቆሎ ዋጋ ወደ 80 በመቶ በሚጠጋ መጠን ወረደ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ 2 ኩንታል በቆሎ ተሽጦ ይገዛ ነበር እንበል። በቆሎው በ80 በመቶ ሲወርድ ያው ማዳበሪያ 10 ኩንታል ይፈልጋል። የማዳበሪያ ዕዳ ደግሞ ዋጋ ወረደ ብሎ አይቀንስም። ብዙ ገበሬ ዕዳውን የከፈለው ከብት ሸጦ ነው። በቀጣዩ ዘመን ማዳበሪያ የወሰደውም ያነሰ ነበር።

ከዚያ በክረምቱ ዝናብ ተበላሸ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የሀገሪቱም ኢኮኖሚ በ2 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

ለዛሬው ጥያቄ የሚጠቅመን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1995 የእህል ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ዋጋ ብቻ ያየ ሰው «ገበያው ዳነ» ሊል ይችል ነበር። የወጣው ግን እህል ስለጠፋ ነው። በ1996 ዓ.ም. ኢኮኖሚው ከ10 በመቶ በላይ አደገ ተባለ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ዝናቡ ተመልሷል፣ ምርቱ ተመልሷል። በ1994 በሬውን የሸጠ ገበሬ ግን በ1996 በሬውን አላገኘም። ተበድሮ ወይም ተጋግዞ ማረሱን ቀጠለ። የሀገር ቁጥርና የሰው ጓዳ እኩል አይድኑም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ለሐሳባቸው መነሻ አድርገው የሚያነሱት ይህንኑ ጊዜ ነው። ምርት ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ከያዛቸው ነገሮች አንዱ የመጋዘን ደረሰኝ ነበር። እህልህን አስገብተህ፣ ደረሰኝህን ይዘህ፣ ዋጋ እስኪሻል መቆየት። ያው እንግዲህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

▪️ እኛ አካባቢ የሚታዩ አምስት ምልክቶች

1. በቆሎው መቼ ነው የሚወጣው?
በቆሎ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሰበሰባል። ዕዳና ግብር ያጣደፈው ሁሉ በጥር ያወጣል፣ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋ ይወርዳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ገበያ የሚመጣው እህል ከማን ቤት እንደሆነ እዩ። ከነጋዴ መጋዘን ብቻ ከሆነ ገበሬው ገና አልተነፈሰም። በአህያና በጋሪ ከገጠር የሚገባ ካለ ግን የቆየ ሰው አለ ማለት ነው። ነቀዝ የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በሱቆች ፈላጊው ሲጨምርም ምልክት ነው። ነገ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ለከረጢት ገንዘብ አያወጣም።

2. በሬውን ማን ገዛው?
ከእርሻ በፊት ባሉት ወራት የከብት ገበያ ውሰጥ ቆማችሁ ገዢውን ተመልከቱ። የሚያርሰውን በሬ ሥጋ ነጋዴ እየወሰደው ከሆነ ሰፈሩ ዕዳ እየከፈለ ነው። ሌላ ገበሬ ለማረስ እየገዛው ከሆነ፣ በተለይ ወይፈን ገዝቶ ለማቅናት የሚያስብ ከበዛ፣ ተስፋ አለ። ወይፈን የሚገዛ ሰው የከርሞውን እያሰበ ነው።

3. መኪናው ባዶውን ነው የሚመለሰው?
ከቡሬ በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ የሄደ መኪና ሲመለስ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ጨው፣ ሳሙና ይዞ ከመጣ ገጠሩ እየገዛ ነው። ባዶውን ከመጣ ገጠሩ ይሸጣል እንጂ አይገዛም። ደግሞ ባዶ የሚመለስ ሹፌር የመልሱንም ነዳጅ በእናንተ በቆሎ ላይ ነው የሚያስበው።

የቡሬንና የአዲስ አበባን ዋጋ አነጻጽሩ። ከልዩነቱ ላይ ኪራዩን፣ ጫኝና አውራጁን፣ ጆንያውን፣ የነጋዴውን መጠነኛ ትርፍ ቀንሱ። የሚተርፈው የመንገድ ስጋት ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ይህች ልዩነት ስትሰፋና ስትጠብ አይተናል። የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ዋጋ በድምፅ ጥሪ ብቻ ስንለዋወጥ የነበረበትን ጊዜም ታስታውሳላችሁ። ልዩነቱ ለተከታታይ ሳምንታት ሲጠብ፣ አዲስ አበባ ዋጋው ባይጨምርም እንኳን፣ ለእኔ ከማንኛውም የዋጋ ጭማሪ ይበልጣል።

4. ዱቤው ስንት ቀን ነው?
ገበያ ሲታመም መጀመሪያ የሚሞተው ዱቤ ነው። «ብሩን አምጣና ጫን» ይባላል። ሲያገግም በቅድሚያ ቀብድ ይመለሳል፣ ቀጥሎ የሳምንት፣ ከዚያ የሁለት ሳምንት ዱቤ። የባለሱቁ የዱቤ ደብተርም ያው ነው፤ ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ብቻ ሳይሆን የሚሰረዘውም ሲበዛ ጤና ነው።

5. ትንንሾቹ
የሣር ክዳን አንሥቶ ቆርቆሮ የሚመታ ቤት፣ የቆመ እቁብ መልሶ መጀመሩ፣ ተላልፎ የነበረ ሰርግ መደገሱ። ሁሉም ጥሩ ናቸው። ለብቻቸው ግን አይበቁም።

▪️ የሚያሳስቱ ምልክቶች

የመጀመሪያው ራሱ ዋጋ ነው። በ2000 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት ከ50 በመቶ አልፎ ነበር። ያኔ ሁሉም ሻጭ ያተረፈ መስሎት ነበር፤ የሸጠበትን ብር ይዞ ሊገዛ ሲሄድ ነው ትርፉ የጠፋበት። አሁንም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ የዛሬን ዋጋ ከ2015 ዋጋ ጋር በብር ማወዳደር ራስን መሸወድ ነው። አንድ ኩንታል በቆሎ ስንት ኪሎ ዩሪያ፣ ስንት ሊትር ዘይት ይገዛል? መለኪያችሁ ይኼ ይሁን።

ሁለተኛው የቡና ዜና ነው። ላኪዎች በደንብ ታውቁታላችሁ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. አረቢካ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ገብቶ ነበር። የሀገራችን የቡና ገቢ በ2016 በጀት ዓመት 1.43 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። ብዙ ሰው ይህን ዋጋ ብቻ ያመጣው ይመስለዋል። መጠኑን እንይ፦ ከ300 ሺህ ቶን ትንሽ ካነሰ ወደ 470 ሺህ ቶን ገደማ። በቶን ሲካፈል ከ4,800 ዶላር ገደማ ወደ 5,600 ገደማ ነው የወጣው። ስለዚህ ከዕድገቱ ትልቁን ድርሻ የያዘው መጠን ነው።

መጠኑ ለምን ጨመረ? ከምንዛሪ ለውጡ በፊት አንዳንድ ላኪ ዶላሩን ለዕቃ ማስመጫ ስለሚፈልገው ቡናውን በኪሳራም ይልክ እንደነበር ገበያው ሁሉ ያውቃል። ሌላው ቡና ደግሞ በጎን መንገድ ይወጣ ነበር። እኛ በሥራው ያለን እንደምንገምተው ከጨመረው መጠን ከፊሉ ወደ ሕጋዊው መስመር የተመለሰ ቡና ነው። ይህ ለሀገር ጥሩ ነው። ግን የጂማና የሲዳማ ቡና ወጣ ማለት የጃቢ ጠህናን በቆሎ ይወጣል ማለት አይደለም። በቡና ዜና ተሞቆ በቆሎ ማከማቸት ሌላ ሂሳብ ነው።

▪️ ታዲያ አሁን የት ነን?

በእጄ ከሚያልፈው ሥራና ከደንበኞቼ እንደማየው፦ የመልስ ጭነት ተሻሽሏል፣ ቆርቆሮም ይጠየቃል። ዱቤው ግን አሁንም አጭር ነው፣ የቡሬና የአዲስ አበባ ልዩነትም መንገድ በተወራ ቁጥር ይሰፋል። ስለዚህ የእኔ ንባብ «ከአልጋው ተነሥቷል፣ ገና አልቆመም» የሚል ነው።

ለነጋዴዎች፦ በብድር ገንዘብ መጋዘን አትሙሉ። ከራሳችሁ ገንዘብ፣ ከፈል አድርጋችሁ ግዙ። ሦስቱ ዋና ምልክቶች፣ ማለትም ዱቤ፣ የመልስ ጭነትና የዋጋ ልዩነት፣ አንድ ላይ ሲሻሻሉ መጠኑን ጨምሩ።

ለዩኒየኖች፦ የማዳበሪያ ዱቤ መክፈያ ጊዜ ሁሉም እህሉን ከሚያወጣበት ጥር ጋር ባይገጥም የአባሎቻችሁ በቆሎ ራሱ ዋጋ ያገኛል። ሁለትና ሦስት ወር መግፋት ከተቻለ በ1994 የጎዳንን ግማሹን ያቃልላል። መጋዘን ያላችሁም አባል እህሉን አስቀምጦ ከፊል ክፍያ የሚወስድበትን መንገድ አስቡበት።

ለአርሶ አደሮች፦ ሁሉንም አትያዙ፣ ሁሉንም አትልቀቁ። ለዕዳ የሚበቃውን አውጥታችሁ ቀሪውን ከነቀዝ ጠብቁ። በሬ ሸጦ እህል መያዝ ግን በፍጹም አያዋጣም።

ለላኪዎች፦ ከአቅራቢ ጋር ስትዋዋሉ ኒውዮርክን ብቻ ሳይሆን የምንዛሪውን መንቀሳቀስም አስቡ፤ አቅራቢው ሲከስር የከርሞ ቡናችሁም አብሮ ይከስራል።

በየአካባቢያችሁ ከአምስቱ ምልክቶች የትኛውን እያያችሁ ነው? ደንበጫ፣ ወምበርማ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ ያላችሁ የዱቤውን ቀንና የመኪና ኪራዩን ላኩልን፤ ከሳምንቱ ዋጋ ጋር አብረን እናወጣዋለን።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።