የማያልቀው ወፍራም ፊደል

ተማሪ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛችን ታሞ ለቀዶ ሕክምና ደም አስፈለገውና ማስታወቂያውን የማዘጋጀቱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። እኔም ነገሩ የሚያስቸኩል ስለሆነ ፊደሉም የሚጮኽ መሆን አለበት ብዬ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ካሉት ፊደላት ሁሉ የወፈረውን መርጬ፣ የበሽተኛውን ሁኔታ፣ የደሙን ዓይነት፣ ቦታውንና ሰዓቱን ሃያ መስመር በሚያህል እንግሊዝኛ ጽፌ ለጠፍሁ። ተማሪው በአጠገቡ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያል፤ አይቶም ይሄዳል። እስከ ማታ ድረስ አንድ ሰው እንኳ አልመጣም።

ያ ፊደል «ኢምፓክት» ይባላል፤ ትርጓሜው ኃይለኛ ምት እንደ ማለት ነው። የነደፈው በማስታወቂያ ሥራ ላይ የነበረ ጂኦፍሪ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በ1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ ያወጣው በብረት ሥራዋ በታወቀችው በሸፊልድ ከተማ የነበረው የስቲፈንሰን ብሌክ የፊደል ማቅለጫ ድርጅት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።)

በላቲን ፊደል እግርና ራስ ላይ የምትታየው ትንሽ ጭረት «ሰሪፍ» ትባላለች። ኢምፓክት እርስዋ ከሌለችባቸው ወገን ነው። የዚህ ወገን የመጀመሪያው የማተሚያ ፊደል በ1816 ገደማ በለንደን ከአራተኛው ዊልያም ካስሎን ዘንድ የወጣው ሲሆን፣ ስሙም «ግብፃዊ» ተብሎ ነበር። በግብፅ ማንም ጽፎበት አያውቅም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን በአውሮፓ የግብፅ ነገር ሁሉ ይወደድ ነበርና ስሙን አገኘ።

የጂኦፍሪ ሊ አሳብ በጥቂት ቦታ ላይ በተቻለ መጠን ብዙ ቀለም ማሳረፍ ነበር። ስለዚህ ትንንሾቹን ፊደላት ከትልልቆቹ ብዙ እንዳያንሱ አድርጎ አስረዘማቸው፤ ወደ ላይ የሚወጡትንና ወደ ታች የሚወርዱትን ጭራዎች አሳጠራቸው፤ ጎን ለጎንም አጠጋጋቸው። ክቡ «ኦ» እንኳ ክብነቱን ትቶ እንደ በር ቆሞ፣ በመካከሉ የቀረለት ነጭ ከስንጥቅ አይበልጥም። አንድ ቃል በዚህ ፊደል ሲጻፍ ከመንገድ ማዶ ይታያል። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ሲበዛ ነው። ዓይናችን በሚያነብበት ጊዜ የሚመራው በጥቁሩ ብቻ አይደለም፤ በፊደሉ ውስጥ ባለው ነጭና በጭራዎቹ መውጣትና መውረድ ጭምር ነው እንጂ። እነዚህ ሲወሰዱበት መስመሩ ሁሉ እንደ አጥር ይሆንበታል። የእኔ ማስታወቂያም ሃያ አጥር ነበረ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ወደ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ሄድሁ። በዚያ የሚሠሩት ሰው በወጣትነታቸው በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና፣

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ በርእስ ፊደል ለቀምኸው?» አሉኝ።

«አዎን፣ ጋሼ። እንዲታይ ብዬ ነው።»

«በእኛ ጊዜ ቢሆን ሁለተኛው መስመር ላይ ሳትደርስ ከሣጥኑ ያልቅብህ ነበር።»

ያን ጊዜ አሳቁኝ እንጂ ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። የእርሳስ ፊደል፣ ማለት እርሳስ ከአንቲሞንና ከቆርቆሮ ጋር ቀልጦ የሚሠራው፣ ለማተሚያ ቤት የሚሸጠው በቁጥር ነው። ትልቁ ፊደል ከባድና ውድ በመሆኑ ከእያንዳንዱ የሚገዛው ጥቂት ነው። እንግዲህ ጋዜጠኛው ቢወድም ባይወድም ወፍራሙን ለርእስ ብቻ የሚቆጥበው ጨዋነት ይዞት ሳይሆን ሣጥኑ ስለሚጎድል ነበረ።

ኢምፓክት በእርሳስ ከተቀረጹት የመጨረሻዎቹ ፊደላት አንዱ ነው። ገና ሲወለድም ወረቀት ላይ እየተፋቀ የሚለጠፈው የሌትራሴት ፊደል ከ1961 ጀምሮ በገበያ ላይ ነበረ። እርሳሱ ቀረ፤ መልኩ ግን ተረፈ። ማይክሮሶፍት በ1996 ለድረ ገጽ በነፃ ማደል በጀመረው የፊደላት ስብስብ ውስጥ ገባ፤ ከዊንዶውስ 98 ጀምሮም በያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ተቀመጠ። በኢንተርኔት በሚዞሩት አስቂኝ ሥዕሎች ላይ ከላይና ከታች የሚጻፈው ነጭ ፊደልም ይኸው ነው፤ ዙሪያው በጥቁር ስለሚከበብ ሥዕሉ ጥቁርም ይሁን ነጭ ይነበባል። እርሱ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሣጥኑ የማያልቅበት ሰው ሃያ ይጽፋል።

እኔም «እንግዲያው በአማርኛ ‹ደም› ብለን በዚሁ ፊደል እናድርገው» ብዬ ሞከርሁ። ማሽኑ ቀጭን የአማርኛ ፊደል አመጣልኝ፤ ለካ ኢምፓክት የእኛ ፊደል የለውም። ቀጭኑን በትእዛዝ ለማወፈር ስነሣ ሽማግሌው ከለከሉኝ። «የ‹ሌ› ቀለበት ቢደፈን ‹ሊ› ይመስልብሃል፤ የ‹መ› ሁለት ዓይንም ይጠፋል። ለእኛ ፊደል ውፍረት ከመጀመሪያው ታስቦ ይነደፋል እንጂ ኋላ አይጫንበትም» አሉ።

ስለዚህ «ደም» የሚለውን የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ በኢምፓክት የወረቀቱን ወርድ እስኪሞላ ድረስ አተለቅነው። ከሥሩ ሰፊ ነጭ ቦታ ትተን፣ የደሙን ዓይነት፣ ቦታውንና ሰዓቱን በሦስት መስመር ቀጭን አማርኛ ጻፍን። የበሽተኛውን ሁኔታ የሚናገረው ሁሉ ቀረ፤ ያዘንሁበትም እርሱ ነበረ።

ወረቀቱን ጧት በአራት ሰዓት ለጠፍሁት። ከምሳ ስመለስ ከፊቱ ሁለት ልጆች ቆመው፣ አንደኛው ሰዓቱን በመዳፉ ላይ ሲጽፍ አገኘሁት።