የመድኃኒት መንገድ ከመጋዘን እስከ ጤና ኬላ በምዕራብ ሸዋ ሲታይ

የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በስሟ የሚጠራው የማዕድን ውኃ በከተማዋ አቅራቢያ ሰንቀሌ በሚገኘው ፋብሪካ እየታሸገ በሳጥን ተጭኖ እስከ ገጠር ሱቆች ድረስ ይዘልቃል። ባዶው ጠርሙስም በመጣበት ሳጥን ተመልሶ ይሄዳል። ከዚያው ሱቅ ብዙም በማይርቅ ጤና ኬላ ግን ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) እና የዚንክ እንክብል የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ውኃው የሚደርስበት ቦታ መድኃኒቱ ለምን ይቋረጣል? የሚለው ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ የብዙ ተመራማሪዎችን ጊዜ የወሰደ ነው።

ጥያቄው በተግባር የተሞከረው በዛምቢያ ነበር። ኮላላይፍ የተባለ አንድ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ኦ.አር.ኤስና ዚንክ የያዘ ጥቅል አዘጋጅቶ በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ውስጥ በጠርሙሶቹ መካከል በሚቀረው ክፍተት እንዲጓዝ አደረገ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2013 በተካሄደው ሙከራ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት የሚያገኙ ሕፃናት ቁጥር በሙከራው አካባቢ ከ1 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 45 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ይሁንና ውጤቱ ሲመረመር ያልተጠበቀ ነገር ታየ። አብዛኞቹ ጥቅሎች የተጓዙት በለስላሳ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ባለሱቆቹ ራሳቸው በብስክሌትና በሕዝብ ማመላለሻ ጭነዋቸው ነበር። መድኃኒቱን ያንቀሳቀሱት ባለሱቁ ከሽያጩ የሚያገኛት ትርፍ፣ እናት ልትከፍለው የምትችለው ዋጋ፣ እንዲሁም ለአንድ ሊትር ሳይሆን ለአንድ ብርጭቆ ውኃ በሚበቃ መጠን መታሸጉ ሆነው ተገኙ።

በአገራችን መድኃኒቱ በዋነኛነት የሚጓዘው በመንግሥት መስመር ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 553 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ተብሎ የሚታወቀው ተቋም መድኃኒቱን ከውጭና ከአገር ውስጥ ገዝቶ በቅርንጫፍ መጋዘኖቹ አማካይነት ያሠራጫል። ከቅርንጫፍ መጋዘን ወደ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ደግሞ በሥሩ ወደሚገኙ ጤና ኬላዎች ይወርዳል። የወባ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪና የቤተሰብ ምጣኔ መድኃኒቶች በፕሮግራም በነፃ የሚቀርቡ ሲሆኑ፣ ሌሎቹን ጤና ጣቢያው በተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ ይገዛቸዋል። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሥርዓት ለማስኬድ ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ተዘርግቷል።

ሥርዓቱ የቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ በሚንጠለጠለው ቢን ካርድና በየሁለት ወሩ በሚላከው የሪፖርትና የጥያቄ ቅጽ። አንድ ጤና ጣቢያ ሊይዝ የሚገባው ከፍተኛ ክምችት የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር ፍጆታ ሲሆን፣ ክምችቱ የሁለት ሳምንት ፍጆታ ላይ ከደረሰ መደበኛውን ጊዜ ሳይጠብቅ አስቸኳይ ጥያቄ ያቀርባል። ለጤና ኬላ ከፍተኛው ሁለት ወር፣ ዝቅተኛው አንድ ወር፣ የአስቸኳይ ጥያቄ ነጥቡም አንድ ሳምንት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሪፖርቷን የምታቀርበው በየወሩ ለጤና ጣቢያዋ ነው።

የስሌቱን አሠራር በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል፤ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ወሩን የጀመረው በ100 ፓኬት አሞክሲሲሊን ነው እንበል። በመካከሉ 260 ተረከበ፤ በመጨረሻ 120 ቀረው። ፍጆታው 240 ይሆናል። ይህ በሁለት ሲባዛ ከፍተኛው ክምችት 480 ስለሚሆን፣ በእጁ ያለው 120 ተቀንሶ 360 ፓኬት ይጠይቃል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያው ጤና ጣቢያ፣ ያው ሕመምተኛ እያለው፣ 60 ፓኬት ይዞ ጀምሮ 60 ብቻ ተረክቦ በሠላሳኛው ቀን አለቀበት እንበል። በቅጹ ላይ የሚታየው ፍጆታ 120 ብቻ ይሆናል። ቀሪውን ሠላሳ ቀን የመጡት ሕፃናት ያለ መድኃኒት በመመለሳቸው በወረቀቱ ላይ አይታዩም። በዚህ ቁጥር ብቻ ከተሰላ ከፍተኛው ክምችት 240 ይሆናል፤ ማለትም ጤና ጣቢያው ለሚቀጥለው ዙር ከሚያስፈልገው ግማሹን ጠየቀ ማለት ነው። እጥረቱ እጥረትን ይወልዳል። ይህን ለማረም በቅጹ ላይ መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞሉበት አንድ ዓምድ አለ። 30 ቀን ተብሎ ከተሞላ፣ ፍጆታው ወደ ሙሉ ስልሳ ቀን ተለውጦ 240 ይሆናል፤ ጥያቄውም 480 ይደርሳል። ዓምዱ ባዶ ከቀረ ግን መጋዘኑ ጤና ጣቢያው ጥቂት ሕመምተኛ እንዳለው ይቆጥራል። አንድ የወረዳ ኃላፊ የቀረበለትን ቅጽ ለመመርመር አምስት ደቂቃ ብቻ ቢኖረው፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው ይህንኑ ዓምድ ነው።

ከጤና ጣቢያ በታች ያለው ጉዞ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ተመድበው እስከ 5 ሺህ ለሚደርስ ነዋሪ እንዲያገለግሉ ተደርጓል። በመጀመሪያ ሥራቸው በአብዛኛው መከላከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በተላለፈ ውሳኔ ግን ከወባና ከተቅማጥ በተጨማሪ የሕፃናትን የሳንባ ምች በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጤና ኬላው ቁም ሣጥን ባዶ መሆን በቀጥታ የሕፃን ሕይወትን የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ፣ በማላዊና በሩዋንዳ የኅብረተሰብ ጤና ሠራተኞች መድኃኒት የሚያገኙበት ሁኔታ በአንድነት ተጠንቶ ነበር። ጥናቱ ካመለከታቸው ዋነኛ ጉዳዮች አንዱ ሠራተኛዋ የምትረከብበት ቦታ ራሱ መድኃኒት ያለው መሆኑ ወሳኝ መሆኑን ነው። ጤና ጣቢያው ባዶ ከሆነ በበቅሎም ሆነ በሞተር ብስክሌት ቢኬድ ለውጥ የለውም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡት መጓጓዣ፣ የመረጃ ፍሰትና ሠራተኛዋ የመድኃኒት አያያዝ ሥልጠና ማግኘቷ ናቸው።

ሕክምናው ራሱ ያስገኘው ውጤት በኦሮሚያ ክልል በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች በወረዳዎች ንጽጽር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ግኝት እንደሚያሳየው በጤና ኬላ ዋና ዋናዎቹ ሕመሞች ከተገኙባቸው ሕፃናት መካከል 64 በመቶ ያህሉ በትክክል ታክመዋል። አንድ ዓመት ለሠለጠነ ሠራተኛ ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። የሞት መጠኑ ግን ፕሮግራሙ በተጀመረባቸውና ባልተጀመረባቸው ወረዳዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ምክንያቱ ከተዳሰሰ በኋላ የታመመ ልጃቸውን ወደ ጤና ኬላ የሚያመጡ ወላጆች ቁጥር አነስተኛ እንደነበረ ታውቋል። ይህን ከቁም ሣጥኑ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። አንዲት እናት ሁለት ሰዓት ተጉዛ “መድኃኒት የለም” ተብላ ከተመለሰች፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትሄደው ወደ ከተማው የግል ፋርማሲ ወይም ወደ ባህል ሐኪም ሊሆን ይችላል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 166 በ2016 ወደ 67 መውረዱ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ተመዝግቧል። ቀሪውን መቀነስ ከእስካሁኑ የሚከብደውም ከመንገድ በራቁት ቀበሌዎች ነው።

ለእናቶች የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ሌላ ፈተና ያስከትላል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰተውን የደም መፍሰስ የሚከላከለው ይህ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ለሳምንታት ሲቆም፣ መድኃኒቱ በመልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ያጣል። ባለሙያው መርፌውን ይሰጣል፤ ደሙ ግን አይቆምም። አምቦና ጊንጪ ደጋና ወይና ደጋ በመሆናቸው ሙቀቱ ያን ያህል ላያሰጋ ይችላል። በባኮ ቆላማ ቀበሌዎችና ጊንደበረት ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርድበት በኩል ግን ሁኔታው የተለየ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ፍለጋ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ ወላዶች ላይ ያካሄደው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆኗል። ሙቀት የሚቋቋመው ካርቤቶሲን የተባለው መርፌ ደም መፍሰስን በመከላከል ረገድ ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ተረጋግጧል። በ30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እስከ ሦስት ዓመት ሊቆይ እንደሚችልም ታውቋል። ድርጅቱም ዋጋው ተመጣጣኝ በሆነበት ቦታ ሁሉ በአማራጭነት እንዲሠራበት መክሯል። የማቀዝቀዣን ችግር በመድኃኒቱ ባሕርይ መፍታት በብዙ መንገድ ርካሽ ነው። በጤና ኬላ ደረጃ የሚዋጠው ሚሶፕሮስቶልም የተመረጠው ቅዝቃዜ ስለማይፈልግ ነው።

በአደጉት አገሮች የመድኃኒት ማድረስ ምርምር በአሁኑ ወቅት የሚያተኩረው የተስተካከለ ዘረ መል ወደ ሕመምተኛው ሕዋስ በማስገባት ላይ ሲሆን፣ የአንድ ሰው ሕክምና ዋጋ ከ2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚደርስበት ሁኔታ አለ። ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደምን በሰው አልባ አውሮፕላን ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ታደርሳለች። ሁለቱም የሚደነቁ ናቸው። የአውሮፕላኑ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እንደ ደም ቶሎ የሚበላሽና በድንገት የሚፈለግ ነገር ላይ ነው። ኦ.አር.ኤስ ግን ፍጆታው አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ መድኃኒት በመሆኑ ከአውሮፕላን ይልቅ በወቅቱ የተሞላ ቅጽ ይጠቅመዋል።

ቅጹ ብቻውን ግን አይበቃም። የተዘዋዋሪ ፈንዱ ገንዘብ ለሌላ ወጪ ከዋለ ጤና ጣቢያው በትክክል ጠይቆም መግዣ ያጣል። የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ይህን ገንዘብ ከመደበኛው በጀት ለይተው መያዝ የሚጠበቅባቸውም ለዚህ ነው። በነፃ የሚቀርቡት የፕሮግራም መድኃኒቶች በብዛት በውጭ ዕርዳታ የሚገዙ በመሆናቸው፣ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታውን ማገዱ የአገር ውስጥ በጀትን ጉዳይ አንገብጋቢ አድርጎታል። በዞኑ አንዳንድ ወረዳዎች በቅርብ ዓመታት የታየው የጸጥታ ችግርም የተሽከርካሪዎችን እንቅስቃሴ ማስተጓጎሉ አልቀረም።

አንድ ነገር ግን በወረዳና በዞን ደረጃ ሊታይ የሚችል ነው። የጤና ኬላ ከፍተኛ ክምችት ሁለት ወር እንዲሆን የተወሰነው ለሁሉም በእኩል ነው። በአስፋልቱ ዳር ለሚገኝ የጊንጪ አካባቢ ጤና ኬላ ሁለት ወር በቂ ነው፤ እንዲያውም ሊበዛ ይችላል። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ታጥፎ በጎጆ በኩል ወደ ካቺሲ የሚወስደውን መንገድ አልፎ፣ ከዚያም ወደ ገደሉ አፋፍ ለሚገኝ ጤና ኬላ ግን ክረምቱ ብቻውን ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ሳንባ ምች፣ ተቅማጥና በመውጫው ላይ የሚመጣው ወባ የሚበዙትም መንገዱ በሚጨቀይበት በዚሁ ወቅት ነው። መመሪያው አስቸኳይ ጥያቄ ማቅረብን ቢፈቅድም፣ ጥያቄውም ሆነ መልሱ የሚጓዙት በዚያው በጨቀየ መንገድ ነው። በመሆኑም ለእንዲህ ዓይነቶቹ ጤና ኬላዎች የግንቦት ወር ጥያቄ ክረምቱን በሚያሻግር መጠን እንዲታይ ማድረግ ይቻል እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያውና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሚያዝያ ሳያልቅ ሊነጋገሩበት ይገባል።